የተከላችሁትን ሂዱና ቁጠሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሊገባ ሲል ወደዚህ አምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። በበጋው ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ጉድጓድ ውኃ ይጠይቁኝ የነበሩ አንባቢያን ጋብ ይሉና የተማሪዎችና የመምህራን ጥያቄ ይበዛል። ከሰሞኑ ከደረሱኝ አምስቱን መርጫለሁ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚያስጨንቃቸው ነገር ግን አንድ ነው፤ ኮሌጅ የገባ ወጣት ድርቅና ጎርፍ ለሚፈራረቁበት ሕዝብ የሚበጅ ሰው ሆኖ የሚወጣው እንዴት ነው? እኔ አፈርና ውኃ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅሁት ከተማሪዎች ጋር ሜዳ ላይ ነው፤ መልሴም ከዚያው ይነሣል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ የሰውና የተቋም ስም ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ሰብሳቢ ሆኜ ተመርጫለሁ። ክበቡ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በአውቶቡስ ወጥቶ ችግኝ ይተክላል፤ ቲሸርት ይታደላል፤ ፎቶግራፍ እንነሣና እንመለሳለን። አምና የተከልንበትን ኮረብታ ጥር ላይ በዚያ ሳልፍ አየሁት፤ ፍየሎች ይግጡበት ነበር። እኔ ሰብሳቢ ሆኜም ይኸው ከሚደገም ምን ብሠራ ይሻላል? (ተማሪ፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ)

መልስ፦ ልጄ፣ ያንን ኮረብታ አትተዪው። ዘንድሮ አንድም አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት አባላትሽን ሰብስቢና አምና የተከላችሁትን ሂዱና ቁጠሩ።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ገመድ ያዙ፤ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከወገቡና ከአናቱ ላይ ጎኑ አሥር ሜትር የሆነ ካሬ ለኩ። በየካሬው ስንት ጉድጓድ እንዳለ፣ ስንቱ ችግኝ እንደ ጸደቀ፣ ስንቱ እንደ ደረቀ፣ ስንቱ ጨርሶ እንደ ጠፋ ጻፉ። ዝርያውንም ለዩ፤ ወይራው ለብቻ፣ ጥዱ ለብቻ፣ ግራሩ ለብቻ። ከዚያ ከደረቁት አንዱን ከነሥሩ ንቀሉትና መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ የችግኝ ጣቢያው ጥቁር ፕላስቲክ እንደ ተጠመጠመበት ታገኙታላችሁ፤ የተከለው ሰው ቸኩሎ ሳይቀድደው ቀብሮታል። ፕላስቲኩ ወልቆ ሥሩ ክብ ሠርቶ ከተጠማዘዘ ችግኙ ጣቢያው ውስጥ ከልክ በላይ ቆይቷል። ጫፉ የተቀረጠፈ ከሆነ እንስሳ በልቶታል። አንገቱ አካባቢ ከበሰበሰ ውኃ ተኝቶበታል። ሥሩ ቀጥ ያለና ጤነኛ ሆኖ ከደረቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የተተከለ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ አቋርጦበታል። አንድ የደረቀ ችግኝ ይህን ሁሉ ይናገራል፤ እኔ ከአንድ ሙሉ የክፍል ትምህርት አስበልጬ አየዋለሁ።

ቀጥሎ ፍየሎቹ አሉ። ባለቤታቸውን ፈልጊና ጠይቂ፤ ለወቀሳ አትሂጂ። ኮረብታው ችግኝ ሳይተከልበት በፊት ምን ነበር? ማን ነበር የሚጠቀምበት? እንዲህ ያለ ቦታ በአብዛኛው የወል ግጦሽ ነው። በወል ግጦሽ የሚኖረው ደግሞ መሬት ያልደረሰው ወጣት ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከሁለት ፍየል በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው አዛውንት ናቸው። የራሱ ማሳና የመኖ መግዣ ያለው ሰው ኮረብታው ቢከለልበት ብዙ አይጎዳም፤ እነርሱ ግን በአንድ ቀን ውሳኔ መተዳደሪያቸውን ያጣሉ። ስለ አካባቢ ፍትሕ፣ ማለትም የአካባቢ ጉዳቱና ጥቅሙ ለማን ለማን እንደሚደርስ፣ በመማሪያ መጽሐፍ የምታነቢው ሁሉ እዚያ ኮረብታ ላይ አለልሽ። መፍትሔ ሳትሰጧቸው አጥር ብታጥሩ አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል፤ ቢፈርስም እኔ በእነርሱ ላይ አልፈርድም።

ሩቅ ሳትሄጂ ሁምቦን እዪ። በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ደኑ ተጨፍጭፎ ተራቁቶ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ 2,700 ሄክታር የሚሆን መሬት ተከልሎ ሲያገግም ሥራው በዋናነት አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። ከመሬት በታች በሕይወት ያለ ጉቶ ነበረ፤ ገበሬዎቹ ከጉቶው ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ጠንካራዎቹን መርጠው ሌላውን እየገረዙ ደኑን ከገዛ ሥሩ አስነሡት። ከዚህም የሚበልጠው በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የደኑን የመጠቀም መብት በእጃቸው ማስገባታቸው ነው። ሣሩን እያጨዱ ይወስዳሉ፤ ደኑ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የተከፈለው የካርቦን ሽያጭ ገቢም ለማኅበራቱ ደርሷል። እናንተም ኮረብታችሁ ላይ ጉቶ እንዳለ ሳታዩ ጉድጓድ አትቆፍሩ። የፍየሎቹም ባለቤቶች ሣር አጭደው እንዲወስዱ፣ ከብት እንዳይለቁ፣ ጥበቃውም በክፍያ ለእነርሱ እንዲሆን ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ። ንግግሩ ከአንድ ስብሰባ በላይ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሁሉም እሺ ካሏችሁ ያልተናገረ ሰው አለና ቡና ወደሚፈላበት ቤት ሂዱ።

በሀገር ደረጃም የሚጎድለን ይኸው ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ያ የተከላ ቁጥር ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ በየኮረብታው የቆመውን ዛፍ በስሙ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ ከተማሪ የተሻለ ሰው አላውቅም። እግር አለው፣ ስልኩ ቦታን በትክክል ይመዘግባል፣ ውጤቱን የሚያሳምርበት የግል ጥቅምም የለውም። ስለዚህ አንድ መዝገብ ክፈቺ። የካሬዎቹን ቦታ፣ ቁጥሩን፣ ከነዋሪዎቹ ጋር የተስማማችሁትን ሁሉ ጻፊበትና ስትመረቂ ለሚተካሽ ሰብሳቢ በፊርማ አስረክቢ። ቲሸርቱን ካስቀራችሁት ገንዘቡ ለጥበቃው ይሆናል።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ መምህርት። የምኖረው በአሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሒዩስተን ከተማ ነው። ልጄ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ነርስ ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ ተማሪዎችን የአየር ንብረትና የአካባቢ ፍትሕ መሪ አድርጎ ያሠለጥናል የተባለ ፕሮግራም ውስጥ ገባች። በዕረፍቷ ቤት ለቤት እየዞረች ጎርፍ የገባባቸውን ሰዎች ታነጋግራለች። ይህ ትምህርት ነው ወይስ ፖለቲካ? እናቷ ፈርታለች። ልንከለክላት ይገባል? (አባት፣ ከሒዩስተን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይከልክሏት። ልጅዎ የምትሠራው ሥራ ከመነሻው የተሠራው እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ነው፤ የሠሩትም ተማሪዎች ናቸው።

እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1979 ሒዩስተን ውስጥ ጥቁሮች በሚኖሩበት ኖርዝውድ ማነር በሚባል ሠፈር የቆሻሻ መጣያ ሊከፈት ሲል ነዋሪዎቹ ከሰሱ። ጠበቃቸው ሊንዳ ማኪቨር ቡላርድ ነበሩ። ባለቤታቸው ሮበርት ቡላርድ በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ መምህር ስለ ነበሩ ተማሪዎቻቸውን አሰማርተው የከተማዋ ቆሻሻ እስከዚያ ድረስ የት የት ሲጣል እንደ ኖረ ማጥናት ጀመሩ። ዛሬ ኮምፒውተር በአፍታ የሚያወጣውን ካርታ እነርሱ ማኅደር እየፈተሹና ሠፈር ለሠፈር እየዞሩ ነው ያገኙት። ውጤቱ ይህ ነበር፦ የከተማው አስተዳደር ንብረት ከሆኑት አምስት የቆሻሻ መጣያዎች አምስቱም፣ ከስምንቱ የቆሻሻ ማቃጠያዎች ደግሞ ስድስቱ የሚገኙት በጥቁሮች ሠፈር ነበር። ጥቁሮች በዚያን ጊዜ ከከተማዋ ሕዝብ አራተኛው እጅ ያህል ብቻ ነበሩ። ነዋሪዎቹ በፍርድ ቤት ተረቱ። ጥናቱ ግን አልተረታም፤ ዛሬ በዓለም የአካባቢ ፍትሕ ተብሎ የሚጠራው የትምህርት ዘርፍ ከቆመባቸው መሠረቶች አንዱ ሆኗል። ቡላርድም ከኒው ኦርሊንሷ ቤቨርሊ ራይት ጋር ሆነው በጎርጎርዮሳዊው 2011 ለጥቁር ተማሪዎች የተቋቋሙ ኮሌጆችን ያሰባሰበ የአየር ንብረት ኅብረት አቋቋሙ፤ ተማሪዎችን አሠልጥነው እስከ ፓሪሱ የ2015 ዓለም አቀፍ ጉባኤ ድረስ ወስደዋል።

ፖለቲካ የለበትም ብዬ አልሸነግልዎትም። ቆሻሻ የት እንደሚጣል፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የየትኛው ሠፈር ቀድሞ እንደሚጠገን የሚወስነው ምክር ቤት ነው። ልጅዎ የምትማረው ለምክር ቤት የሚበቃ ማስረጃ ማዘጋጀት ነው። በጎርጎርዮሳዊው 2017 ሃርቬይ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ያን አካባቢ በጥቂት ቀን ውስጥ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ዝናብ እንደ ወረደበት እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያስታውሱታል። ያኔ መኪና ያልነበረው፣ ኢንሹራንስ ያልገባው፣ በእንግሊዝኛ ቅጽ መሙላት ያልቻለው ሰው እንዴት እንደ ከረመ ካልተጠየቀና ካልተጻፈ በሚቀጥለው ዕቅድ ውስጥ አይገባም። አማርኛ የምትችል ተማሪ የእኛን እናቶችና አባቶች ደጅ ብታንኳኳ የምታገኘውን መልስ ሌላ ሰው አያገኘውም። ነርስነቱንም አያስቀርባትም፤ ሙቀት፣ አስምና የተበከለ ውኃ መጨረሻቸው ክሊኒክ ነው።

ለእናቷ ፍርሃት አንድ ነገር ልበል። ወደ ሰው ቤት ብቻዋን እንዳትገባ፣ ሁለት ሆነው እንዲሄዱ፣ መታወቂያ እንዲይዙ ይጠይቁ፤ ደህና ፕሮግራም ይህን ቀድሞ ያደርገዋል። እርስዎም አንድ ምሽት የጎርፍ ካርታዋን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግተው የራሳችሁን ቤት ፈልጉ።

የሒዩስተን ታሪክ ከእኛ የራቀ አይምሰልዎት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩት ሌላ ቦታ የቤት ኪራይ የማይችሉ፣ ከከተማው ቆሻሻ የሚሸጥ እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ቆሻሻው የመላው ከተማ ነበር፤ ሞቱ የእነርሱ ብቻ ሆነ።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ የሕግ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያመርታሉ፤ እኔም በዚያ ገንዘብ ነው የተማርኩት። ከማሳችን በላይ ካለ አንድ ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ አንዳንድ ቀን ወንዙን ቀለም ያለብሰዋል፤ ሽታው አያስቀርብም። መክሰስ እችላለሁ? እናቴ ግን «ከከሰስክ ፋብሪካውን ሳይሆን እኛን ነው የሚከለክሉን» ትለኛለች። (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጄ፣ ከእናትህ ልጀምር፤ ትክክል ናቸው። ወንዝ ተበከለ የሚል ወሬ ሲነሣ ፈጥኖ የሚወሰደው እርምጃ ብዙ ጊዜ በአትክልተኛው ላይ ነው፤ ሰላጣው ይነቀላል፤ ገበያው ይሸሻል፤ ፋብሪካው ግን የጊዜ ገደብ ይሰጠዋል። ስለዚህ የምታቀርበው አቤቱታ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እናትህ ተጎጂ መሆናቸውን የሚናገር ይሁን። ስማቸውንና የማሳቸውን ቦታም እርሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ሳይፈቅዱ የትም አታውጣ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደግሞ ፈጽሞ።

መክሰስ ትችላለህ ወይ ላልከው፣ ሕጉ ካሰብከው በላይ በሩን ከፍቶልሃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ቀኖቹን ከአቤቱታህ ቅጂ ጋር ጽፈህ አስቀምጥ፤ ገቢ የተደረገበትን ማኅተምና ቁጥር ሳትይዝ ከመዝገብ ቤት አትውጣ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የግምገማ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ስለሚያዝ የፋብሪካውን ሰነድ በጽሑፍ ጠይቅ።

ተከሳሽህን ግን አስተውለህ ምረጥ። ከዚህ በፊት አንድ ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ፍርድ ቤቱ ባለሥልጣኑ ለዚህ ሊከሰስ አይገባም ብሎ መዝገቡን ዘግቶታል። አንተ በሞያህ ይህን መዝገብ ፈልገህ ልታነበው ይገባል። ክስህ በበካዩ ላይ ይሁን፤ መሥሪያ ቤቱ ያደረገውና ያላደረገው ደግሞ በሰነድ ይያያዝ።

አሁን ወደ ወንዙ እንውረድ፤ እዚህ ላይ ነው የሕግ ተማሪ የኬሚስትሪ ተማሪ ጓደኛ የሚያስፈልገው። አንዱን ናሙና ከፍሳሹ መውጫ በላይ፣ አንዱን ከመውጫው ላይ፣ አንዱን ውኃው ተቀላቅሎ ትንሽ ከወረደ በኋላ ውሰዱ። የላዩ ናሙና ከሌላችሁ ፋብሪካው «ውኃው ከእኔ በፊት ተበክሎ ነው የመጣው» ቢል መልስ የላችሁም፤ አቃቂ ደግሞ ከላይም ብዙ ሸክም ይዞ የሚወርድ ወንዝ ነው። ውኃ ውስጥ ስትገቡ ፊታችሁን ወደ ላይ፣ ወደ ፈሳሹ አዙሩ፤ እግራችሁ ያደፈረሰው ወደ ኋላ ይሄዳል። ጠርሙሱን በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁና ሙሉት። ቤተ ሙከራው ለብረታ ብረት ምርመራ አሲድ ጨምሮ የሰጣችሁ ጠርሙስ ከሆነ ግን አታለቅልቁት፤ አሲዱ ይደፋል። የውኃውን ሙቀትና አሲዳማነት እዚያው ቆማችሁ ለኩ። በማይጠፋ ቀለም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወሰደውን ሰው ስም ጻፉ። በረዶ ባለበት ሣጥን አድርጋችሁ በዚያው ቀን አድርሱ፤ ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር የሚፈረምበት ወረቀት ይኑር። ፍርድ ቤት የሚጠይቃችሁ ክሮሚየም ስለሚባለው ከባድ ብረት መጠን ብቻ አይደለም፤ ጠርሙሱ ሌሊቱን የት አደረ የሚለውንም ነው። አንድ ቀን ብቻ አትሂዱ። ፍሳሽ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው በሌሊትና ዝናብ ሲዘንብ ስለ ሆነ፣ ሁልጊዜ ወንዙን የሚያዩት እናትህ ቀለሙ የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት በደብተር እንዲያስይዙ አድርግ። ከማስረጃችሁ ሁሉ ያ ደብተር ቀዳሚ ነው።

አፈሩንም አስመርምሩ። ከቆዳ ፋብሪካና ከመሰል ተቋማት የሚመጣ ከባድ ብረት ወንዙ ቢጠራ እንኳ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎችም ከሌላው አትክልት ይበልጥ ይሰበስቡታል። ውጤቱ ከባድ ከሆነ ለእናትህ አትደብቃቸው። ቤተሰቡም ገዢውም የሚበላው ነውና እውነቱን መስማት አለባቸው። ነገር ግን ውጤቱን ብቻ ይዘህላቸው አትሂድ፤ ለአቤቱታው የምትጽፈው ጥያቄ ውስጥ ንጹሕ የመስኖ ውኃ፣ ካሣና እስከዚያው የሚሆን መተዳደሪያ ይግባ። ጎረቤት አትክልተኞች አብረው ይፈርሙ። ብቻውን የቆመ ሰው ይፈራል፤ ማሳውም ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ የአካባቢ ሳይንስ ካልተማርኩ ብላለች። ሥራ ታገኛለች? ዘመዶች ሁሉ አካውንቲንግ ይሻላታል ይላሉ። (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ዲግሪው ብቻውን ሥራ አያስገኝላትም፤ ይህን ደብቄ አልመክርዎትም። ከዲግሪው ጋር ካርታ በኮምፒውተር መሥራት፣ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ አጥርቶ ሪፖርት መጻፍ፣ እንዲሁም ከአማርኛ ሌላ አንድ የሀገራችን ቋንቋ ከያዘች ግን በግብርናና በውኃ ጽሕፈት ቤቶች፣ በከተማ ፍሳሽ አገልግሎቶች፣ የተጽዕኖ ግምገማ በሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ትፈለጋለች። ፈቃዷ ከሆነ ይደግፏት፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በክረምት ሥራ ላይ እንድትለማመድ ይግፏት።

ጥያቄ፦ የተከበርሽ መምህርት፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በጎፋው የመሬት መንሸራተት ብዙ ተማሪዎቻችን ዘመድ አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን፣ ከየትምህርት ክፍሉ ተማሪ የሚሳተፍበት ሥልጠና እንድናዘጋጅ ተጠይቀናል። ምን ይግባበት? (መምህር፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ)

መልስ፦ ለተማሪዎችህ መጽናናትን እመኛለሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሮጠው በመጡበት ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ሰዎች ናቸው። ያ ሕዝብ ደግነት አልጎደለውም። የተናደ ተራራ እንደገና ሊናድ እንደሚችል፣ ቁፋሮ ሲጀመር ከላይ ሆኖ ተዳፋቱን የሚያይና የሚጮህ ሰው መቆም እንዳለበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር። ሥልጠናህን ከዚህ ጀምር።

ተማሪዎችህ ተዳፋት ማንበብ ይልመዱ። ከማሳው በላይ አዲስ ስንጥቅ አለ? ዛፎቹና የአጥር እንጨቶቹ ወደ ታች አዘንብለዋል? ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ውኃ እያመነጨ ነው? የነበረው ምንጭ ደፍርሷል? የቤት በር አልዘጋ ብሏል? እነዚህን ምልክቶች ሽማግሌዎችና ውኃ ቀጂ ሴቶች ከማንም በፊት ያያሉ። ተማሪው የሚጨምረው ነገር ስንጥቁን በሁለት ችካል መካከል በየሳምንቱ መለካትና የዕለቱን ዝናብ መመዝገብ ነው። ውድ መሣሪያ አትጠብቅ፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃና ማስመሪያ ካለ ዝናብ ይለካል። ሁልጊዜ በጠዋት በአንድ ሰዓት የሚያነበው ሰው ከተገኘ የሁለት ክረምት መዝገብ ለቀበሌው ትልቅ ሀብት ነው።

መምህራኑን ከግቢ ውጭ ፈልግ። ኮንሶ ከእናንተ ሩቅ አይደለም፤ እርከኑ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ትውልድ በትውልድ ላይ ድንጋይ እየደረደረ ስለ ጠበቀው ነው። አንድ የኮንሶ ገበሬ የእርከን ግንብ ውኃ የሚያሳልፍበትን ቀዳዳ ለምን እንደሚተውለት እዚያው ቆሞ ሲያሳያቸው የእኔና ያንተ የሰሌዳ ሥዕል አይደርስበትም።

ለክፍል ውይይት ደግሞ ሐረማያን ስጣቸው። እኔ ስማር ቦታው ዓለማያ ይባል ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሐይቁ ነበር፤ አመሻሹ ላይ ዳር ዳሩን እንሄድ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ያ ሐይቅ ደረቀ። ሐረርና በአካባቢው ያሉ ከተሞች ይጠጡት ነበር፤ የጫትና የአትክልት ማሳዎች በፓምፕ ይስቡት ነበር፤ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ይሞላው ነበር፤ ሙቀቱም ያተንነው ነበር። አንድ ጥፋተኛ የለም፤ ተማሪዎች የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። የከተማውን ውኃ አገልግሎት፣ ጫት አምራቹን፣ ፓምፕ የሌላትን ሴት ወክለው ይከራከሩ። ሐይቁ ሲሸሽ የደረቀውን መሬት እየቆፈረ ውኃውን መከተል የቻለው ማን ነው? ያልቻለውስ የት ሄደ? ከዚያ በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለስ ሲጀምር ያንን ውኃ ዳግም ማን ይስበው የሚለውን ይወስኑ። ይህ ጥያቄ ዛሬም ያልተዘጋ ስለ ሆነ ክርክራቸው የውሸት አይሆንም።

ቋንቋን አትርሳ። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተራራው ሥር ላሉት እናት አይደርስም። ከእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንዱ ጎፍኛ ወይም የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር ይሁን፤ ሴት ተማሪዎችም በየቡድኑ ይኑሩ። ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች የሚናገሩት ለእነርሱ ነው። የሴሚስተሩ ማርክ ግማሹ ተማሪዎቹ ያገኙትን ነገር ለቀበሌው ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ባቀረቡበት ቀን ላይ ይሰጥ። ሽማግሌዎቹ ያልተቀበሉት ካርታ ይታረም።

አንድ የሚያሰናክልህ ነገር አለ፤ ቀድመህ ተዘጋጅበት። የኮንሶውን ገበሬ፣ ዝናቡን በየጠዋቱ የምታነበውን ልጅ፣ ስንጥቁን ያሳዩህን አዛውንት በነፃ እንዲያገለግሉ እንዳታደርግ፤ ለውጭ መምህር የሚከፈለው ለእነርሱም ይከፈል። የብዙ ዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ክፍል ግን ዲግሪ ለሌለው አሠልጣኝ የሚከፍልበት መደብ የለኝም ይላል። ሥልጠናው መስከረም ላይ የሚጀመር ከሆነ ይህን ጉዳይ በጽሑፍ አሁን፣ በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ጨርስ። እኔ እንዲህ ያለውን ክፍያ በመስክ ረዳትነት መደብ አስፈቅጄ አውቃለሁ፤ የደብዳቤውን አጻጻፍ ከፈለግህ በአምዱ አድራሻ ጻፍልኝ፤ እልክልሃለሁ።